እግሩን ስለጣለው እንስሳ፦ ሥነ ሕይወት ለምትወዱ የድሬዳዋ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ ተማሪዎች አሉ። «ጋሼ፣ እውነት እባብ እግር ነበረው?» ይሉኛል። አንዳንዱ ሊያፋጥጠኝ ፈልጎ ነው፤ አንዳንዱ ቤቱ የሰማውንና መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያነበበውን ማስታረቅ አቅቶት ነው። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቁሞ የሚሰጥ መልስ ደግሞ አያጠግብም፤ ባጃጁ ያጣድፋል፣ ሙቀቱም ያጣድፋል። ስለዚህ ረጅሙን መልስ በጽሑፍ ላድርሳችሁ።

አጭሩ መልስ «አዎ፣ ነበረው» ነው። እባብ ከእንሽላሊቶች ወገን የወጣ እንስሳ ነው። ዛሬ በምድር ላይ ያሉት ወደ 4,000 የሚጠጉ የእባብ ዝርያዎች ሁሉ የዘር ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር አራት እግር ከነበረው ተሳቢ ይደርሳል። እኔን በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ሲያስገርመኝ የኖረው ግን ሌላ ነው፦ ሰው የሚባል ፍጡር ባልነበረበት ዘመን የሆነውን ነገር በምን ልናውቀው ቻልን? ምክር ከፈለጋችሁ ምክሬም ከዚህ አይርቅም። የተነገራችሁን ከመቀበላችሁም ከመጣላችሁም በፊት «ይህ ከየትኛው አጥንት፣ ከየትኛው ድንጋይ ተነበበ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስረጃው እስካደረሳችሁ ድረስ ሂዱ፤ እሱ ሲቆም እናንተም ቁሙ። መቆሙ ከመሄዱ ይከብዳል።

ከቅርባችሁ ጀምሩ። በከተማችን ዳርቻ የድንጋይ ካብ ባለበት ሁሉ እባብ የጣለው ቆዳ አይጠፋም፤ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተተረተም። ባለቤቱ በአካባቢው አለመኖሩን ሳታረጋግጡ አትጠጉ፤ እጃችሁን ካብ ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ ቆዳውን በረጅም እንጨት ሳቡት። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉትና በጭንቅላቱ በኩል ወደ ብርሃን ያዙት። በዓይኑ ቦታ ላይ ቀዳዳ አታገኙም። እንደ እጅ ሰዓት መስተዋት የጠራች፣ ክብ፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለች ቅርፊት ታገኛላችሁ። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የምትጠብቅለት ይህች ቅርፊት ናት፤ ቆዳው ሲገፈፍ አብራ ትገፈፋለች።

አሁን ቆዳውን ገልብጡና ሆዱን እዩ። የጀርባው ቅርፊት ትንንሽና የተደራረበ ነው፤ የሆዱ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ሰፊ ቅርፊት ሆኖ በአንድ ረድፍ ይወርዳል። በአብዛኞቹ እባቦች አንዷ የሆድ ቅርፊት ከላይዋ ካለው አንድ የአከርካሪ አንጓና ከአንድ ጥንድ የጎን አጥንት ጋር ትገጥማለች። ስለዚህ እነዚህን ቅርፊቶች ስትቆጥሩ፣ እንስሳውን ሳትነኩ፣ የግንዱን አንጓዎች ቆጠራችሁ ማለት ነው። የሰው አከርካሪ 33 ገደማ አንጓ አለው። የእባብ ብዙውን ጊዜ ከ200 ይጀምራል፤ ከ300 የሚያልፉም ሞልተዋል። ጽንሱ ሲያድግ የወደፊት አንጓዎቹ ከፊት ወደ ኋላ በየተራ ይቆራረጣሉ፤ በእባብ ጽንስ ይህ ተራ ከጽንሱ ዕድገት ጋር ሲነጻጸር ከሌሎች እንስሳት ይልቅ በጣም ስለሚፈጥን ክፍሎቹ ትንንሽና ብዙ ይሆናሉ። የእባብ ርዝመት የመጣው አንጓው ስለረዘመ ሳይሆን ስለበዛ ነው።

እዚህ ላይ ፈጣን ተማሪ ይነሣና «በቃ፣ የዓይን ቆብ የሌለውና እግር የሌለው ሁሉ እባብ ነው» ይላል። ማታ መብራት ሲበራ ግድግዳችሁ ላይ የምትወጣውን እንሽላሊት ተመልከቱ። እሷም ዓይኗን አትጨፍንም፤ የጠራውን ሽፋን በምላሷ ትልሰዋለች። እግሯ ግን ምሉዕ ነው። እግር ማጣትም ቢሆን የእባብ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ በእንሽላሊቶች ወገን ውስጥ እግር ቢያንስ 25 ጊዜ፣ በተለያየ ቦታና በተለያየ ዘመን፣ ጠፍቷል ወይም ወደ መጥፋት ደርሷል። በዓለም ላይ የዓይን ቆብና የጆሮ ቀዳዳ ያላቸው እግር አልባ እንሽላሊቶች አሉ፤ በአፍሪካ ቀንድ ቆላ አሸዋ ውስጥም እየቆፈሩ የሚኖሩ፣ እባብ ያልሆኑ፣ ለብቻቸው የሚመደቡ እግር የለሽ ተሳቢዎች ይገኛሉ። አንድ ምልክት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እባብን እባብ የሚያደርጉት ብዙ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ነው፤ ከሁሉም በላይ የራስ ቅሉ።

የራስ ቅሉ ነገር ቢብራራ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በየቤቱ የሚወራው ስሕተት ነው። እባብ ከአፉ የሚበልጥ እንስሳ ሲውጥ መንጋጋው ይወልቃል ይባላል። አይወልቅም። የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኙ አገጭ ላይ እንደ እኛ በአጥንት አልተጣበቀም፤ በሚለጠጥ ጅማት ነው የተያያዘው። መንጋጋውን ከራስ ቅሉ ጋር የሚያገናኘው አጥንትም እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እባብ ቀኙን ወደ ፊት ገፍቶ ይነክሳል፣ ቀጥሎ ግራውን፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ራሱን በሚበላው እንስሳ ላይ ያጠልቃል። ያው የመንጋጋ አጥንት ከውስጥ ጆሮው ጋር ስለሚገናኝ የጆሮ ቀዳዳ ባይኖረውም የመሬቱን ንዝረት ይሰማበታል።

ወደ እግሩ እንመለስ። ዘንዶ በሙዚየም ብልቃጥ ውስጥ የማየት ዕድል ካገኛችሁ ጭንቅላቱ ላይ አታፍጥጡ፤ ሁሉም ሰው የሚያፈጠው እዚያ ነው። ጅራቱ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጉ። ከቆሻሻ ማስወገጃ ቀዳዳው ግራና ቀኝ አንዳንድ አጭር፣ ጠምዘዝ ያለ ጥፍር አለ፤ በወንዱ ላይ ይበልጥ ይታያል፣ ሴቲቱን ሲያሽኮረምም ይጠቀምበታል። ከጥፍሩ በስተ ውስጥ ሥጋው መካከል የዳሌና የጭን አጥንት ርዝራዥ ተቀብሯል። ከአከርካሪው ጋር አይገናኝም፣ ክብደትም አይሸከምም። እግር ያልነበረው እንስሳ የጭን አጥንት ምን ያደርግለታል? ለክፍል የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሲከራከሩ እኔ ጠመኔዬን ይዤ ዝም እላለሁ።

የዘረ መል ጥናት በዚህ ላይ የጨመረው ነገር አስደናቂ ነው። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ዘረ መል በእኛም፣ በአይጥም፣ በእባብም አለ። እጅና እግር ሲያድግ ያስፈልጋል፤ ለአንጎልና ለሌላም ብዙ የሰውነት ክፍል ስለሚያስፈልግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ፅንስ አይተርፍም። በእባብ የተበላሸው ዘረ መሉ ሳይሆን በእግር ቡቃያ ውስጥ ሥራ እንዲጀምር የሚያዘው፣ ከእሱ ርቆ የሚገኘው ተቆጣጣሪ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህን ተቆጣጣሪ ክፍል ከአይጥ አውጥተው በእባብ ተኩት። የተወለዱት አይጦች እግራቸው ጉቶ ሆነ። ቀጥለው በእባቦቹ የጎደሉትን 17 የዘረ መል ፊደላት ወደ ዘንዶው ክፍል መልሰው ሞከሩት፤ አሁን አይጦቹ ደህና እግር አበቀሉ። በዚያው ዓመት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዘንዶ ፅንስ ውስጥ ይኸው ዘረ መል ለአጭር ጊዜ ብልጭ ብሎ እንደሚጠፋ፣ የእግር ቡቃያውም በዚያው እንደሚቀር አሳዩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሙከራ እግሩ በምን እንደታገደ ይነግረናል። እግሩ የት፣ መቼ፣ ለምን ጥቅም እንደጠፋ ግን አይናገርም። ያ ብልሽት እግሩን ያጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እግሩ ከቀነሰ በኋላ ጠባቂ ስላልነበረው የተከማቸ ሊሆን ይችላል። «የት?» የሚለውን የሚመልስ ድንጋይ ነው።

በድንጋዩ ላይ ያለው ክርክር ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ እባብን ሞሳሳውር ከሚባሉት ግዙፍ የባሕር ተሳቢዎች ጋር አዛመደ፤ መንጋጋቸው ይመሳሰላልና። ከዚያ ወዲህ አንዱ ወገን እባብ እግሩን የጣለው ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ነው ሲል፣ ሌላው የለም፣ አፈር ውስጥ ሲሹለከለክ ነው ይላል። የባሕሩን ወገን ያጠናከረው በራማላ አቅራቢያ ከዓይን ያብሩድ የተገኘው ቅሪተ አካል ነበር። ፓኪራኪስ የተባለውን እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ጌዎርግ ሃስ ሲገልጸው እንደ እንሽላሊት ነበር፤ በ1997 ሌሎች ተመራማሪዎች እንደገና አጥንተው የኋላ እግር ያለው እባብ ነው አሉ። አጥንቱ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ውኃ ውስጥ ለመስመጥ የሚረዳ። ከሊባኖስ የተገኘው ዩፖዶፊስም ከዚያው ዘመን፣ ከዛሬ 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ግማሽ ሜትር የምትሆን የባሕር እባብ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር በማትሞላ የኋላ እግር። አንደኛው እግር ድንጋዩ ውስጥ ተደብቆ ስለነበር ተመራማሪዎቹ ድንጋዩን ሳይሰብሩ ፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው ኃይለኛ የኤክስ ሬይ ተቋም አዩት፤ ጉልበትም ቁርጭምጭሚትም ነበረው፣ የእግር ጣት ግን አልነበረውም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአርጀንቲና ፓታጎኒያ ናጃሽ የተባለ እባብ ቅሪተ አካል መጣ። ዕድሜው ከነዚያ የባሕር እባቦች ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን የኖረው በየብስ ነው፤ የኋላ እግሩ ጠንካራ፣ ዳሌውም ከአከርካሪው ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ በሕይወት ካሉት እባቦች አንዱም እንዲህ ያለ መጋጠሚያ የለውም። በ2019 የታተመው የራስ ቅሉ ጥናት ደግሞ ከዛሬ እባቦች የጠፋው የጉንጭ አጥንት በእሱ ላይ እንደነበረ አሳየ። ከሱዳን ሰሜናዊ በረሃም የብዙ ዓይነት እባቦች አንጓዎች ተለቅመዋል፤ ከዚያው ዘመን ናቸው ቢባልም ዕድሜያቸው ያከራክራል። ያን ጊዜ እንዲህ በዝተው ከነበረ ጅማሬያቸው ከዚያ በብዙ ይቀድማል ማለት ነው።

ዲኒሊሲያ የተባለው የፓታጎኒያ እባብ የውስጥ ጆሮው በሲቲ ስካን ሲታይ ዛሬ አፈር የሚቆፍሩ እባቦችን ጆሮ መሰለ። ዓይኑም ይመሰክራል፦ ጎርደን ዎልስ የተባለ የዓይን አጥኚ በ1940ዎቹ እንዳስተዋለው እንሽላሊት ዓይኑን የሚያስተካክለው ሌንሱን በመጭመቅ ሲሆን እባብ ግን ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳል። ዓይኑ በጨለማ ኑሮ ዘመን ብዙ ነገር አጥቶ በኋላ እንደ አዲስ የተበጀ ይመስላል። እኔ ሚዛኑ ወደ የብስ ያጋደለ ይመስለኛል። ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር ወይስ በሌሊት ቅጠልና ስንጥቅ ውስጥ የሚሹለከለክ አዳኝ ብቻ? እዚያ ላይ ማስረጃው ይቆማል፤ እኔም እቆማለሁ። ከዝናብ በኋላ ከአፈር የሚወጡትን፣ ሰዉ የምድር ትል የሚላቸውን ጥቃቅን ዕውር እባቦች አሳይቶ «የመጀመሪያው እባብ እንዲህ ነበር» የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። እነሱም እንደ ሌላው እባብ ያንኑ ያህል ዘመን ተለውጠው እዚህ የደረሱ ናቸው።

በዙሪያችን ያለው፣ ለሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይስ? የጁራሲክ ዘመን ባሕር ወለል ነው፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ዛጎል አይጠፋበትም። ነገር ግን የእባብ አጥንት ቀጭንና በቀላሉ የሚበተን ነው፤ የየብስ እንስሳ ከሆነ ደግሞ ባሕር መካከል የመቀበር ዕድሉ ትንሽ ነው። ከዚያው ዘመን ከእንግሊዝ የተገኙ 167 ሚሊዮን ዓመት የሚገመቱ የመንጋጋ ቁርጥራጮች እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጥንታዊ እባቦች ተብለው ነበር። በ2025 ደግሞ ከስኮትላንዷ ስካይ ደሴት የተገኘ ይበልጥ የተሟላ አካል ይፋ ሆነ፤ መንጋጋውና ጥርሱ የእባብ፣ ሰውነቱና እግሩ የእንሽላሊት! ከመንጋጋ ቁራጭ ብቻ «እባብ» ብሎ መጥራት እንደማያዋጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የቴትራፖዶፊስ ታሪክ ግን ከሁሉም የሚያስተምር ነው፤ ሁለት ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 አራት እግር ያለው እባብ ተገኘ ተብሎ ዓለም ሁሉ ጻፈ። ከብራዚል የወጣች፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ አንዲት ቅሪት ናት፤ ጣቶቿ ሳይቀሩ ይታያሉ። በ2021 ሌሎች ባለሙያዎች ድንጋዩን በሁለቱም ገጽ መርምረው እባብ አይደለችም፣ ረጅም የባሕር እንሽላሊት ናት አሉ። ብዙዎቻችሁ ያነበባችሁት የመጀመሪያውን ዜና ነው፤ ሁለተኛው ዜና እንደ መጀመሪያው አልጮኸም። ሁለተኛው ትምህርት፦ የብራዚል ሕግ ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከ1942 ጀምሮ ይደነግጋል፤ ይህች ድንጋይ ግን ጀርመን ውስጥ በግል ስብስብ ተቀምጣ ነው የተጠናችው። የሉሲ አገር ልጆች ስለሆናችሁ ይህ ለምን እንደሚያንገበግብ አላስረዳችሁም።

ስለ ቲታኖቦአ የምትጠይቁኝ እናንተ ታናናሾች፦ አዎ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ 13 ሜትር ገደማ የሚረዝም እባብ ነበር፣ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ አሁን በሕይወት የለም፤ ተኙ።

አሁን ወደ ከባዱ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙም መስጊድ የሚሰግዱም ልጆች አስተምሬያለሁ። የእባብ እግር ሲነሣ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ ሦስት «በሆድህ ትሄዳለህ» የሚለውን የሚያነሣ አይጠፋም። ቅዱስ መጽሐፍን በናጃሽ አጥንት ለማስመስከር የሚሞክረውንም፣ በናጃሽ አጥንት አያቱን የሚያሳፍረውንም አልወድም፤ ሁለቱም አጥንቱን አላዩትም። እዚሁ ከከተማችን በስተ ደቡብ ተራራው ላይ የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ዋሻውን ለጥናት ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን የካቶሊክ ካህን ነበር፤ ዝግመተ ለውጥን የተቀበለ የቅሪተ አካል ተመራማሪም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ጋር ቀላል ኑሮ አልኖረም። ቢሆንም ሁለቱንም ይዞ ኖሯል፤ እናንተም ነገ ጠዋት አንዱን ምረጡ የሚላችሁን ሰው ጊዜ ጠይቁት።

ተረታችንንም በዚሁ ዓይን እዩት። እፉኝት ስትወለድ የእናቷን ሆድ ቀድዳ ትገድላታለች ይባላል። እውነቱ እፉኝት ዕንቁላሏን ሆዷ ውስጥ ይዛ ቆይታ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40፤ ወልዳም በሰላም ትሄዳለች። ተረቱ የመጣው ሰዎች የገደሏት እፉኝት ሆድ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ልጆች አይተው ይመስለኛል። ያዩት እውነት ነው፤ ትርጓሜው ነው የሳተው።

«ምን ልማር?» ለምትሉኝ፦ ቁፋሮ ብቻ አይደለም ይህ ሥራ። የኖራ ድንጋይ የሚያነብ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ የዘረ መል ፊደል በኮምፒውተር የሚያነጻጽር፣ የአካል አወቃቀር የሚያውቅ ሐኪም ሁሉ ይፈለጋል። ብቻ አናቶሚን አትናቁ። አሁን አሁን ዘረ መሉን እንጂ አጥንቱን የሚለይ ወጣት እየጠፋ ነው። ደግሞም ሁሉም ተገኝቶ አላለቀም፤ በባሌ ሐረና ጫካ የሚኖር አንድ እፉኝት ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተብሎ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

እስከዚያው የምትጀምሩት ሥራ አለ። ከድሬዳዋ ተነሥታችሁ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር እስክትደርሱ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከቆላ ወደ ወይና ደጋ ትገባላችሁ፤ ተሳቢዎቹም ከፍታው ሲለወጥ ይለወጣሉ። በዚያ አስፋልት ላይ መኪና የገደለው እባብ ብዙ ነው። መኪና የማይበዛበትን ሰዓት ምረጡ። በእጅ አትንኩ፤ የሞተ፣ ራሱ የተቆረጠ እባብ እንኳ ሊነክስ ይችላል። ጭንቅላቱን ከጎንና ከላይ፣ ሆዱን፣ የጅራቱን ሥር ፎቶ አንሡ፤ ለመጠን የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ወርውሩ። ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን ያኔውኑ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ያለ ቀንና ያለ ቦታ ፎቶው ለጥናት አይሆንም። ሲጠራቀም ወደ ሐረማያ ወይም ወደ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእኔም አንድ ቅጂ አድርሱኝ።